የጀልባ ሞተር ማኒፎልድ ላይ የተቆረጠ ብሎን አወጣጥ፦ ከመጀመሪያው ጠብታ ዘይት እስከ መጨረሻው ዳዶ

መፍቻው እጃችሁ ላይ ድንገት ይላላል። ተፈታ ብላችሁ ደስ ሲላችሁ የብሎኑ ጭንቅላት ብቻ ቡሶላው (ጭንቅላቱን የሚይዘው የመፍቻው ጫፍ) ውስጥ ተቀምጦ ይወጣል። ቀሪው ቴስታታው ውስጥ ነው፤ ቴስታታ ማለት ጭስ ሰብስቦ የሚያስወጣው ማኒፎልድ የሚታሰርበት የሞተሩ የላይ ክፍል ነው።

እስካሁን የጠፋው አንድ ብሎን ነው። ቴስታታ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሰው ተናዶ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ሲያነሳ። ብዙዎቻችሁ የምትወድቁበት ቦታም ይሄው ስለሆነ መመሪያው ከመቦርቦሩ ይልቅ ከመቦርቦሩ በፊት ባለው ሥራ ላይ ይቆያል።

የጻፍኩት ጀልባዋ ውስጥ ለተተከለ ሞተር ነው፤ ጣና ላይ ሰው ወደ ዘጌ እንደሚያመላልሱት ዓይነት። ከጀልባዋ ኋላ ለሚንጠለጠል ሞተርም ይሠራል፤ ግን እነዚያ ሰውነታቸው አሉሚኒየም ስለሆነ ስለ አሉሚኒየም የምለውን ደጋግማችሁ አንብቡ።

በመጀመሪያ ሦስት ነገር እወቁ

ስንት ቀረ? የተቆረጠውን ቁራጭ አትጣሉ። ያልተቆረጠ ጓደኛውን ፍቱና (አፈታቱ ደረጃ 2 ላይ አለ) ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ለኩ። ሙሉው 45 ሚሊ ሜትር፣ ቁራጩ 27 ከሆነ ውስጥ የቀረው 18 ነው። ይህን ቁጥር ጻፉት፤ ስትቦረቡሩ የት ማቆም እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

ቴስታታው ምንድን ነው? ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው። ካልያዘ አሉሚኒየም። አሠራራችሁ ግማሹ በዚህ መልስ ይወሰናል።

ውሃ አለበት? የብዙ ጀልባ ሞተሮች ማኒፎልድ እንደ መኪና ደረቅ አይደለም፤ በዙሪያው ውሃ ይዞራል። ሳትፈቱት በፊት ውሃውን አፍስሱ። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ የብሎኑ ቀዳዳ ራሱ መጨረሻው ውሃ ውስጥ ይገባል። ብሎን ስትፈቱ በጥርሱ በኩል ውሃ ከተንጠባጠበ እንዲህ ያለው ነው። ምልክት አድርጉበት፤ ሲገጠም ማሸጊያ ይፈልጋል።

የሚያስፈልግ ዕቃ

- ዝገት አላቃቂ ስፕሬይ፤ ከሌለ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል የተቀላቀለ። ቶሎ እሳት ይይዛል፣ ተጠንቀቁ
- በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ
- አዲስ ፑንታ (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ)፦ 3፣ 5፣ 6 እና 6.5 ሚሊ ሜትር። የኮባልት ከሆነ ይመረጣል። ወደ ግራ የሚቆርጥ ካገኛችሁ እንዳያመልጣችሁ
- ሹል መምቻ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ሞረድ
- ቫይስ ግሪፕ (ተቆልፎ የሚይዝ ፒንሳ)
- የጋዝ ነበልባል፣ የእሳት ማጥፊያ
- ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ)፣ በብሎኑ ልክ
- መነጽር። ይሄ ካልፈለጋችሁ የምትተዉት አይደለም፤ የብረት ፍቅፋቂ ዓይን ውስጥ ከገባ ሐኪም ነው የሚያወጣው

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለ8 ሚሊ ብሎን ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የምታገኙት እሱን ስለሆነ።

ደረጃ 1፦ ጀልባዋን አዘጋጁ

1. የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ፍቱ፤ ኔጌቲቩን መጀመሪያ።
2. ሞተሩ ያለበትን ክፍል ክፈቱና አናፍሱ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ አፍንጫችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አሽትቱ። ሽታ ካለ ትራፓኖም እሳትም አይነሳም።
3. ከጄኔሬተር የተዘረጋ ገመድ እርጥብ ጀልባ ላይ አታምጡ። በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ ያልኩት ለዚህ ነው።
4. ማኒፎልዱ ሲወርድ የሚከፈቱትን የጭስ ቀዳዳዎች በጨርቅ ድፈኑ። ስንት ጨርቅ እንዳስገባችሁ ቆጥራችሁ የሆነ ቦታ ጻፉ። እኔ ሞተር ሽፋን ላይ በጠመኔ ነው የምጽፈው። አራት ገብቶ ሦስት የወጣበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ብዙ አልወደውም።

ብርሃን ደግሞ በስልክ አይሆንም። አንዱ እጅ ስልክ ይዞ ቀጥ ያለ ቀዳዳ የሚበሳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ደረጃ 2፦ የቀሩትን ሳትቆርጡ ፍቱ

አንድ ከተቆረጠ ሌሎቹም ተመሳሳይ ሙቀትና ዝገት በልተዋል። በተለይ ዳርና ዳር ያሉት። ማኒፎልዱ ሲሞቅ በርዝመቱ ይለጠጣል፤ ጫፍና ጫፉ ይበልጥ ስለሚንቀሳቀስ ጫፍ ላይ ያሉት ብሎኖች ይደክማሉ።

1. ሁሉንም በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ዝገት አላቃቂውን ርጩ። አሳድሩት። ማታ አንዴ፣ ጠዋት አንዴ ርጩ።
2. የብሎኑን ጭንቅላት በመዶሻ ፊት ለፊት መታ መታ አድርጉት። ዘይቱ በጥርሱ መሀል እንዲሰርግ ይረዳዋል።
3. ከመፍታታችሁ በፊት ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ሞክሩ። ዝገቱ ሲሰነጠቅ «ጭርር» ይላል። ከዚያ ፍቱ።
4. ሩብ ዙር ፍቱ፣ ግማሹን መልሱ፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱ። መክበድ ሲጀምር አትግፉት፤ መልሱት።
5. ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ ተጠቀሙ። ባለ 12 ማዕዘኑ የዛገ ጭንቅላት ያንሸራትታል።

እምቢ ካለ ሙቀት። ግን ሙቀት ከመጠጋቱ በፊት የረጫችሁትን ዘይት ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ።

አሉሚኒየም ላይ የምታሞቁት ብሎኑን ሳይሆን ዙሪያውን ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ቀዳዳው ብሎኑን ይለቀዋል። ነገር ግን አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ንጹሑ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የቴስታታው ድብልቅ ደግሞ ከዚያ ባነሰ፤ እስከዚያ ድረስ መልኩ ያው ነው። ነበልባሉን አንድ ቦታ አታቁሙ፣ እያዞራችሁ አሙቁ። ጠብታ ውሃ ሲነካው ጭስስ ብሎ ከተነነ ይበቃል።

ካስት አይረን ላይ ግን ተቃራኒው ነው። እሱና ብሎኑ የሚሰፉት ተቀራራቢ ስለሆነ ዙሪያውን ማሞቅ ብዙም አይጠቅም። ብሎኑን ራሱን እስኪቀላ አሙቁትና ሳትነኩት ይብረድ። ሲሰፋ ዝገቱን ይፈጨዋል፤ ሲበርድ ይላላል።

ደረጃ 3፦ ጉቶ ከቀረ

ማኒፎልዱ ወርዶ የብሎኑ ጉቶ ከቴስታታው 5 ሚሊ እንኳ ብቅ ብሎ ከታየ ዕድለኛ ናችሁ። ጉቶውን በሞረድ ሁለት ጎኑን ጠፍጣፋ አድርጉት። ቫይስ ግሪፑን ጥብቅ አድርጋችሁ አስይዙ፤ ወዲያና ወዲህ አወዛውዙት። ወደ አንድ ጎን ብቻ አትጎትቱ። ከተንሸራተተ ሁለቴ ሞክሩ፣ በሦስተኛው አቁሙ። ጉቶውን ሞልጫችሁ ከጨረሳችሁት የሚቀጥለውን ደረጃ ታበላሹበታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ዳዶ በየዱበት

ከሁሉም ዘዴ እኔ የማምነው ይሄን ነው። ጉልበቱ ከዳዶው ሳይሆን ከብየዳው ሙቀት ነው የሚመጣው። ጉቶው ከቴስታታው ፊት እኩል ቢሆንም ጥሩ በያጅ ይሠራዋል።

1. ከብሎኑ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ዳዶ ምረጡ። ለ8 ሚሊ ብሎን የ10 ዳዶ፤ ኤሌክትሮዱ በመሀሉ እንዲገባ። ጥቁር፣ ዚንክ ያልተቀባ ይሁን። የተቀባው ሲበየድ የሚያወጣው ጭስ ያሳምማል።
2. አካባቢውን በብሬክ ክሊነር አጽድታችሁ ከሆነ ቆርቆሮውን አንብቡ። ክሎሪን ያለበት ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ብየዳም ነበልባልም ክልክል ነው። ሲሞቅ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል።
3. የባትሪ ገመድ መፈታቱን እንደገና እዩ። የዲናሞውንም ገመድ ንቀሉ። የብየዳውን የመሬት ገመድ እዚያው ቴስታታ ላይ እሰሩ።
4. ከሥር እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፤ አንድ ሰው የእሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም። የጀልባ ሆድ ውስጥ ምን ያህል ዘይት እንዳለ ታውቁታላችሁ።
5. ከብሎኑ መሀል ጀምሮ ዳዶውን እስኪሞላ በየዱ።
6. ቅላቱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ በመፍቻ ቀስ ብላችሁ አወዛውዙ። ትኩስ እያለ ትንሽ ሻማ ጥርሱ ሥር ብታስነኩት ሰም ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ዳዶው ከነብየዳው ቢነቀል አትዘኑ። ሌላ ዳዶ በየዱ። አራተኛው ላይ የወጣልኝ አለ፤ እያንዳንዱ ሙቀት ትንሽ ትንሽ ያላላዋል። መበየድ የማትችሉ ከሆነ በያጅ ጥሩ። ለዚህ የሚከፈለው ለአዲስ ቴስታታ ከሚከፈለው ጋር አይወዳደርም።

ደረጃ 5፦ መሀሉን ፈልጉ

በያጅ ከሌለ፣ ወይም ብሎኑ ከቴስታታው ፊት ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ መቦርቦር ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ብሎን የሚቆረጠው ጎርበጥበጥ ብሎ ነው። ፑንታ ጎርበጥባጣ ላይ ሲያርፍ ወደ ቁልቁለቱ ይንሸራተታል። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ከብሎኑ የሚለሰልስ አሉሚኒየም ነው። ፑንታው አንዴ እዚያ ከገባ አይመለስም።

ብሎኑ ከፊቱ እኩል ከሆነ፦ በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጉት። የብሎኑ ክብ ዳር ጥርት ብሎ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። መሀሉን በዓይን ገምቱና በሹል መምቻ ቀስ ብላችሁ ንኩት። አሁን ራቅ ብላችሁ እዩት፤ ከላይ፣ ከጎን፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉልታችሁ። ከመሀል ከወጣ መምቻውን አዘንብላችሁ ነጥቡን ወደ መሀል ግፉት። መሀል ሲሆን ብቻ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ።

ብሎኑ ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ፦ ይሄ ሰው የሚያለቅስበት ነው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። የቴስታታው ጥርስ ራሱ ይመራችኋል። ሌላ የ8 ብሎን ቶርኖ ቤት ውሰዱና ከጭንቅላቱ እስከ ጫፉ በመሀሉ 3 ሚሊ ቀዳዳ አስበሱ። የተቆረጠውን እስኪነካ በእጅ አስገቡት። ፑንታችሁ በዚያ ቀዳዳ ሲገባ ሌላ የሚሄድበት የለውም፤ መሀል ላይ ያርፋል። ሦስት ያህል ጥርስ የሚይዝበት ቦታ ካለ ይበቃል።

እኩል የሆነውንም በመሪ መሥራት ይቻላል። ማኒፎልዱን በሁለት ደህና ብሎን መልሳችሁ አስሩና በማኒፎልዱ ቀዳዳ ልክ ቶርኖ ቤት የብረት ቡሽ (ፑንታውን የሚመራ ቱቦ) አስጠርቡ፤ መሀሉ 3 ሚሊ። ግን የማኒፎልድ ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ ስለሚል ከማጥበቃችሁ በፊት ደህናዎቹ ብሎኖች በቀዳዳቸው መሀል መቆማቸውን እዩ። ወደ አንድ ጎን ከተጠጉ የእናንተም መሪ ወደዚያው ተጠግቷል።

ደረጃ 6፦ ቦርቡሩ

1. በውስጥ የቀረውን ርዝመት ፑንታው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። 18 ነበር ካልን 17 ላይ አቁሙ። አልፎ ውሃ ክፍል ውስጥ መግባት አለ።
2. በ3 ሚሊ ጀምሩ። ትራፓኖው በዝግታ ይዙር፣ እናንተ ጫን በሉ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ፍጥነት ይለቅና ይደባብሳል። ያኔ ፑንታው ይቃጠላል፣ ብሎኑም ላዩ ይደነድናል።
3. አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ትራፓኖው ዘንበል ማለት አለማለቱን ይይላችሁ። እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ወደ ላይና ወደ ታች መዘንበሉ አይታያችሁም።
4. በየ3 ሚሊው አውጡ፣ ፍቅፋቂውን ጥረጉ፣ ዘይት ጠብ አድርጉ።
5. ፍቅፋቂውን አንብቡ። ከብሎን የሚወጣው የተጠቀለለ፣ ጠቆር ያለ ብረት ነው። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅና ለስላሳ ከመጣ አሉሚኒየም እየበላችሁ ነው፤ አቁሙ። ጥቁር ዱቄት ከመጣ ካስት አይረን ነው፤ አቁሙ።
6. ከዚያ 5 ሚሊ። ወደ ግራ የሚቆርጥ ፑንታ ካላችሁ እዚህ ላይ አውጡት፤ ትራፓኖውን ወደ ኋላ አዙሩ። ሲቆርጥ የሚያዞረው ወደ መፍቻው አቅጣጫ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፑንታው ድንገት ይይዝና ብሎኑ እየዞረ ይወጣል። አይ የዚያን ቅጽበት ደስታ!
7. ካልወጣ 6፣ ቀጥሎ 6.5። መሀሉን ከያዛችሁ የሚቀረው ጥርሱ ውስጥ የተጠመጠመ ስስ ቅርፊት ነው። በሹል ነገር ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፉትና በፒንሳ እንደ ሽቦ እየጠቀለላችሁ አውጡት።

ደረጃ 7፦ ኢዚ አውት፣ ከፈለጋችሁ

ኢዚ አውት የተቦረቦረው ብሎን ውስጥ ገብቶ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ሲዞር ነክሶ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። እዚህ ላይ ቂም አለብኝ። አንድ የጀልባ ባለቤት «ልጄ፣ ጠዋት ለዘጌ እንግዳ አለኝ» ብለውኝ ሌሊት እየሠራሁ ነበር። 3 ሚሊ ቦርቡሬ ቀጭኗን ኢዚ አውት አስገባሁ። አዞርኩ። እምቢ አለች። ትንሽ ጨመርኩ። «ጣ!» አለች። ኢዚ አውት የሚሠራው ከደነደነ ብረት ስለሆነ ያለኝ ፑንታ ሁሉ ላዩ ላይ ተንሸራተተ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ቴስታታው ወረደ፤ እንግዶቹ በሌላ ጀልባ ሄዱ።

ነገሩ ቀላል ነው። ብሎኑን ይዞ ጭንቅላቱን ያስቆረጠ ዝገት በመሀሉ ለገባች ቀጭን እሾህ አይለቅም። ስለዚህ ኢዚ አውት የሚጠቅመው ብሎኑ በሙቀትና በዘይት ከላላ በኋላ ነው። ቀዳዳው የሚፈቅደውን ያህል ወፍራሙን ምረጡ፤ ለ8 ሚሊ ብሎን ቢያንስ 5 ሚሊ ቦርቡሩ። በረጅም መፍቻ ሳይሆን በማስኪዮ እጀታ በሁለት እጅ እኩል አዙሩ። እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) መጠማዘዝ ከተሰማችሁ ልቀቁት። አሙቁ፣ ዘይት፣ እንደገና።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ፑንታ ውስጥ ተሰበረ። በመዶሻና በሹል መምቻ ሰብራችሁ ቁርጥራጩን በማግኔት አውጡ። ፑንታ ተሰባሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እሺ ይላል።

ኢዚ አውት ተሰበረ። እኛ ጋ ያለው መፍትሔ የካርባይድ ፑንታ፣ ወይም ቴስታታውን አውርዶ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚበላ ማሽን ያለበት ቤት መውሰድ ነው። በተለመደው ፑንታ አትታገሉ፤ ወደ ጎን ሸሽቶ ቴስታታውን ይበላል።

ቀዳዳው ከመሀል ወጣ። ትንሽ ከሆነ በቀጭን ክብ ሞረድ ወደ መሀል መልሱት፤ ከዚያ ቀጣዩን ፑንታ አስገቡ። በአንድ በኩል የቴስታታውን ጥርስ ከበላ ጨርሳችሁ አውጡትና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ጥርሱ አለቀ። ሄሊኮይል አስገቡ፤ ያለቀውን ጥርስ የሚተካ የሽቦ ሞላ ነው። ለ8 ሚሊ ከኪቱ ጋር የሚመጣውን ፑንታ ተጠቀሙ፤ በራሱ ማስኪዮ ጥርስ አውጡ፤ ሞላውን ከፊቱ ግማሽ ዙር ያህል ዝቅ እስኪል ጠምዝዙት፤ ከሥሩ ያለችውን ምላስ ሰብራችሁ አውጡ። በትክክል ከገባ አሉሚኒየም ላይ ከቀድሞው ጥርስ ይጠነክራል።

ውሃ መጣ። አልፋችሁ በስታችኋል። በማሸጊያና በብሎን የሚድንበት ጊዜ አለ፤ ግን ውሃው ወደ ሲሊንደር የሚሄድ ከሆነ ሞተሩን አታስነሱ። ቴስታታው ወርዶ ይታይ።

ደረጃ 8፦ ጥርሱን አጽዱ

ማስኪዮውን ዘይት ቀቡ። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ። ከከበደ አውጥታችሁ ጥረጉ። ማስኪዮ ከሌለ የድሮ ብሎን ላይ በግራይንደር ከላይ እስከ ታች ቦይ ቁረጡ፤ ያንን እያዞራችሁ አስገቡ። ዝገቱ ቦዩ ውስጥ ይሰበሰባል። መጨረሻ ላይ በአየር ንፉ፣ መነጽር አድርጋችሁ። አዲሱ ብሎን እስከ መጨረሻው በእጅ ጣት ብቻ መግባት አለበት።

ከጭስ ቀዳዳዎቹ ጨርቆቹን አውጡ። ቆጥሩ።

ደረጃ 9፦ ግጠሙ

1. የማኒፎልዱን ፊት በቀጥ ያለ ብረት ፈትሹ። የሞተሩ መጽሐፍ ገደቡን ይናገራል። መጽሐፍ ከሌላችሁ 0.2 ሚሊ ፊለር ጌጅ (ስስ የክፍተት መለኪያ) የሚገባበት ከሆነ ሳይላግ አትግጠሙ። የጠመመ ማኒፎልድ ነው ብሎኑን የቆረጠው ሊሆን ይችላል።
2. ጓርኒሲዮኑ (በማኒፎልዱና በቴስታታው መሀል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን። የድሮውን በሲሊኮን አታባብሉ፤ የጭስ ሙቀት ይበላዋል።
3. ብሎኖቹን ሁሉ ቀይሩ፤ አንዱን ብቻ አይደለም። ለሞተሩ የተሠራውን ግዙ። የሚያብረቀርቅ ተራ ስቴንለስ ያምራል፣ ግን በሙቀት ተጣብቆ ዳግም እዚሁ ገጽ ላይ ያመጣችኋል።
4. ጥርሱ ላይ ሙቀት የሚችል አንቲ ሲዝ ግራሶ (ብሎን እንዳይጣበቅ የሚቀባ) ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ምልክት ያደረጋችሁበት፣ ውሃ የሚነካው ብሎን ላይ ግን ማሸጊያ።
5. ሁሉንም በእጅ አስገቡ። ከዚያ ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) አጥብቁ። ቁጥሩን ከሞተሩ መጽሐፍ ውሰዱ። ግራሶ የተቀባ ብሎን በቀላሉ ስለሚዞር የደረቀውን ቁጥር እንዳለ ብትሰጡት ከልክ በላይ ይጠብቃል።
6. ውሃውን ሙሉ፣ ባትሪውን እሰሩ፣ ሞተሩን አስነሱ።

እጃችሁን በመጋጠሚያው አጠገብ አሳልፉ፤ አትንኩ። ትኩስ እስትንፋስ የሚመታችሁ ከሆነ ወይም «ቲክ ቲክ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ይተነፍሳል። ድምፁ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ጎልቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነም ያው ነው፤ ማኒፎልዱ ሲሰፋ ራሱን ይደፍናል እንጂ አልዳነም። የተዘጋ ክፍል ያላት ጀልባ ላይ ይሄን በዝምታ አትለፉት። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተሳፋሪ እንቅልፍ የያዘው መስሏችሁ ታልፉታላችሁ።

ደህና ከሆነ 20 ደቂቃ አስኪዱት። አጥፉት። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጡ፤ ሦስተኛው ድረስ ብትቆዩ ይሻላል። ከዚያ የሞተሩ መጽሐፍ ካልከለከለ በዚያው ቅደም ተከተል እንደገና ቶርክ ሬንቹን አሳልፉ። አዲስ ጓርኒሲዮን ስለሚቀመጥ አንድ ሁለቱ ትንሽ ይዞራሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ አስነሱና ጆሯችሁን ወደ ማኒፎልዱ ጣል አድርጉ።